የተዘለለው ስም

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በ1983 ዓ.ም. ግን ጉዱ የተሰማው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ሬዲዮው ስለ ግንባሩና ስለ መኸሩ የሚለውን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ በስተመጨረሻ አንዲት አጭር ዜና ጣል አደረገ። በዘር የወረደ የደም ጉድለት ይዛ ለተወለደች የአራት ዓመት ሕፃን፣ በአሜሪካ ሐኪሞች የጎደላትን ነገር ደሟ ውስጥ ጨመሩላት፤ ውጤቱ ወደፊት ይታያል፤ አለና ወደ ሙዚቃው አለፈ። ዜናው ይኸው ነበር። ኮልፌ ሲደርስ ግን እግርም ክንፍም አበቀለ። በሳምንቱ «ፈረንጆች ሰው በፋብሪካ መሥራት ጀመሩ» ተባለ፤ በሁለተኛው ሳምንት የልጅ መልክ በትእዛዝ የሚሠራ ሆነ። ኋላ አንድ ጋዜጣ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ቢጽፈውም፣ ካነበበው ያላነበበው ይበዛ ነበርና ሁሉም የሚከራከረው በሰሚ ሰሚ ነው። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ያሉት አባቶች ኮልፌን ሳያውቋት አልቀሩም።

ወሬው ብዙውን ሰው ሲያስደነግጥ አቶ ሀብተሥላሴን ግን ደስ አሰኛቸው። ለምን ቢሉ፣ እሳቸው ዘር ቆጣሪ ናቸው። በዚያ ሰፈር ልጁን የሚድር ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። «እገሌ ከእነማን ወገን ነው? ከእኛ አይዛመድም? አጥንቱስ ንጹሕ ነው?» እያለ ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ፣ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዝምድና ካለ ይናገራሉ፤ ደዌ ካለም ይናገራሉ። በእሳቸው ቃል የጸና ትዳር ብዙ ነው፤ በእሳቸው ቃል ሳይጀመር የፈረሰም አለ።

ዘንድሮ ጣጣው የራሳቸውን ደጃፍ አንኳኳ። የመጨረሻ ልጃቸው ዳኛቸው ዘመነች የምትባል አስተማሪ ወድዶ «ሽማግሌ ይላኩልኝ» አላቸው። ቆጠሩ። አባቷ አቶ ወንድይፍራው በጎልማሳነታቸው ሥጋ ደዌ ይዟቸው ከጎጃም ለሕክምና መጥተው፣ በዚያው በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ሰፈር በዘነበወርቅ ጎጆ ቀልሰው የቀሩ ሰው ሆነው ተገኙ። አቶ ሀብተሥላሴ «የቆማጣ ዘር ወደ ቤቴ አላስገባም» ብለው ዘጉ። ዳኛቸውም ቁርጡን ተናገረ። እስከ እሑድ ሽማግሌ ካልተላከ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ይፈርማል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የአባቱን ደጅ አይረግጥም። ይህን ብሎ ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ። እሑድ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አቶ ሀብተሥላሴ ስኳር ሊወስዱ ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሄደው ተሰለፉ።

ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ወሬውም እንደ ሰልፉ።

«ያ አላህ! ልጅ እንደ ጨርቅ ተመርጦ ሊገዛ ነው አሉ» አሉ በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሰብሪያ። «ቁመቱ ይህን ያህል፣ ዐይኑ እንዲህ ያለ እየተባለ። ታዲያ ድሃ የወለደው የት ሊወድቅ ነው?»

«እኔ ግን ምን አለበት እላለሁ» አለ የአውቶቡስ ሾፌሩ ባጫ፣ የቀኝ እጁን እጅጌ ወደ ታች ሳብ እያደረገ። «በሽታን ከሥሩ ነቅለው ካወጡ እግራቸውን እስማለሁ። የታመመ ሰው መች ይመርጣል?»

አቶ ሀብተሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰልፉም ዝም አለ፤ እሳቸው ሲናገሩ ዝም ማለት የሰፈሩ ደንብ ነበር።

«ሁላችሁም ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። ቁም ነገሩ ፈረንጁ ራሱ በሽታ በዘር እንደሚወርድ መመስከሩ ነው። እኛ አጥንት ስንቆጥር ኋላ ቀር ተብለን ተሰድበን ነበር። ይኸው በሬዲዮ ተነገረ! ዘር ከልጓም ይስባል።»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሬዲዮው እንዲህ አላለም» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

ዘወር ቢሉ ጥሩብርሃን ናት። የሟቹ ወዳጃቸው የአቶ አሰፋ ልጅ፣ ዳዴ ስትል የሚያውቋት፣ አሁን በሥጋ ደዌ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ። ሰው ሁሉ ፊት መታረማቸው ከነከናቸው፤ ነገር ግን የአሰፋ ልጅ ናትና ቁጣቸውን ዋጡት። ስኳራቸውን ይዘው ሲወጡ እሷም ወጣች፤ መንገዳቸው አንድ ስለ ነበር ፌርማታው ድረስ አብረው ሄዱ። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘግይቷል። ከግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ።

«እሺ ልጄ፣ እኔ ተሳስቼ ከሆነ አስተምሪኝ» አሉ፣ ልባቸው ግን ለመማር ሳይሆን ለመርታት ተዘጋጅቶ። «ሬዲዮው ምን አለ?»

«አባባ፣ አካላችን የሚሠራበት ትእዛዝ አለ። ከእናትም ከአባትም እንወርሰዋለን። ሊቃውንቱ ጂን ይሉታል። ረጅም ጽሑፍ ነው እንበል። የዚያች ሕፃን ጽሑፍ አንዲት ቃል ጎድላው ነው የተወለደችው፤ በዚያች ቃል ምክንያት ደሟ በሽታን መመከት አቃተው። ሐኪሞቹ ከደሟ ጥቂት ወስደው፣ የጎደለችውን አግብተው፣ መልሰው ለራሷ ሰጧት።»

አቶ ሀብተሥላሴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዳዊት ሲገለበጥ አይተዋል። «ጸሐፊ ሲገለብጥ የዘለላትን ቃል ከመስመሩ በላይ አግብቶ እንደሚጽፋት ማለት ነው?»

«ልክ እንደሱ! እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልችልም። ግን ይኸ ገና ሙከራ ነው። መዳን አለመዳኗ አልታወቀም። ደግሞም የተነካው የእሷ ደም ብቻ ነው፤ ነገ አድጋ ብትወልድ እርማቱ ለልጇ አይተላለፍም። ፋብሪካውንም፣ የመልክ ምርጫውንም የጨመረው ወሬኛ ነው።»

«ይሁን። ግን እግዜር የጻፈውን ሰው ሊያርም ይገባዋል?»

«የፈንጣጣ ክትባት የመጣ ጊዜ ለአያቶቻችንም እንዲሁ ተብሎ ነበር፤ የእግዜርን ቁጣ መጋፋት ነው ተብሎ። ዛሬ በኮልፌ ፊቱ የተበሳሳ ሕፃን ያያሉ? እግዜር ደዌውን ቢያዝዝ ጥበቡንም የሰጠ እሱ ነው፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።»

ይህች መልስ ልባቸውን ነካ አደረገቻቸው። አዛውንቱ ግን በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም፤ እውነት ለመናገር ቀጥሎ ያሉት ነገር ዓለም ላይ ያለ ሊቅ ሁሉ የሚጨነቅበት ነው።

«እሺ፣ የታመመችዋን ያድኑ፤ አልጠላሁም። ነገር ግን አጥሩ የት ላይ ነው? ዛሬ የታመመውን ያርማሉ። ነገ ደግሞ አጭሩን፣ ከነገ ወዲያ ጠቆር ያለውን። ይኸ ይወለድ፣ ያ አይወለድ ማለት ይጀምራሉ። ሰው እህል ነው? ወንፊቱን ማን ሰጣቸው? በወንፊት የሚነፋ ሰው ደግሞ የሚጥለው ሁልጊዜ ደካማውን ነው። እኔ የምፈራው ይኸን ነው፣ ልጄ!» አሉ።

ጥሩብርሃን በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች።

«ይህን እኔም እፈራለሁ። ጋዜጣው ላይ ያሉት ሊቃውንትም ይፈራሉ፤ ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፈውን ከቶ አንንካው የሚሉ አሉ። እውነትዎን ነው፤ ይኸ ጉዳይ ለጥቂት አዋቂዎች ተዘግቶ የሚተው አይደለም። ሁሉም ሰው፣ እማማ ሰብሪያም ጭምር፣ አውቆ ሊናገርበት ይገባል። ለዚህም ነው ወሬውን ማጣራት ያለብን። አውሬ ባልሆነው ስንደነግጥ አውሬው በጓሮ ይገባል። ግን አባባ፣ ከተቆጡኝ ይቆጡኝ፣ አንድ ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ወንፊቱ በእርስዎ እጅ የለም?»

አቶ ሀብተሥላሴ ክው አሉ።

«የዳኛቸውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ዘመነችን አይተዋታል? አነጋግረዋታል? አላነጋገሯትም። ቆጥረው ጣሏት። ያቺ ልጅ ለልጅዎ ልጅ እንዳትወልድ ፈረዱባት። አሜሪካኖቹ እስካሁን ያላደረጉትን፣ ያደርጉ ይሆን ብለው የሚፈሩትን ነገር፣ እርስዎ አርባ ዓመት ሠሩት።»

«አንቺ ልጅ!» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እኔ ያደረግሁት ቤት መጠበቅ ነው! ደዌ እንዳይገባ አጥር መሆን ነው! አባትሽ በሕይወት ቢኖር እንዲህ ትናገሪኛለሽ?»

«አባቴ ቢኖር ራሱ ይነግርዎ ነበር፤ እናንተ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ የቀራችሁት ነገር የለም። አባባ፣ ያጠሩት በተሳሳተ በኩል ነው። በዘር የሚወርድ በሽታ አለ፤ እንደዚያች ሕፃን ያለ። ሥጋ ደዌ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። የሚመጣው በተዋሲያን ነው። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። ከሕመምተኛው ጆሮ ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ ወስጄ ቀለም ሳገባበት፣ በማይክሮስኮፑ ሥር እንደ ቀይ ስንጥር ሆኖ ይታየኛል። መድኃኒቱን ሲጀምር ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ይቆማል፤ ሲጨርስ ይድናል። አቶ ወንድይፍራው ከዳኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የጣታቸው መጎዳት የትናንት ጠባሳ ነው እንጂ የዛሬ በሽታ አይደለም። ጠባሳ ደግሞ አይወረስም።»

«ታዲያ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚይዘውስ?»

«አብረው ስለሚኖሩ ነዋ! ያልታከመ ሰው ሲደበቅ፣ በአንድ ጎጆ ሲተነፍስ። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የሚደበቀው ደግሞ ለምን ይመስልዎታል? ዘሬ ይሰደባል፣ ልጄ ሳታገባ ትቀራለች ብሎ ነው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ጣቱ ካለቀ በኋላ ነው። በጊዜ ቢመጣ ኖሮ አንዲት ጥፍር አይጎድልበትም ነበር።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ ጠየቀች። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ቤት ሲቆጥሩ፣ ደዌ ያልነካው ቤት ስንት አገኙ? በእርስዎ ወገንስ አንድም ሰው የለም?»

ጥያቄው እንደ ቀላል ነገር ነበር የተጠየቀው።

በእሳቸው ወገን ሰው ነበር እንጂ። መሸሻ፣ የእናታቸው ታናሽ ወንድም። ልጅ ሳሉ አዝሏቸው ወንዝ የሚያሻግራቸው፣ ሲያፏጭ ከብቱ ሁሉ የሚከተለው መሸሻ። አንድ ክረምት ፊቱ አበጠ፤ ቅንድቡ ረገፈ። ዘመድ ተሰብስቦ ከመንደሩ ውጪ ጎጆ ሠራለት፤ ከዚያ አንድ ቀን «ጸበል ሄደ» ተባለ፤ አልተመለሰም። ማንም አልፈለገውም። አቶ ሀብተሥላሴ ዘር መቁጠር ሲማሩ አያታቸው «እሱን እለፈው» አሏቸው፤ አለፉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰውን ሁሉ አጥንት ሲቆጥሩ ኖረው በራሳቸው ቤት አንድ ስም እየዘለሉ ኖሩ። በዘር የሚወርድ ከሆነ ይኸው በእናታቸው በኩል የእሳቸውም ደም ነው። ሳያስቡት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተመለከቱ። ሰባ ሁለት ዓመት የሠሩ ዐሥር ጣቶች፤ አንድም አልጎደለም።

አውቶቡሱ መጣ። ጥሩብርሃን ተነሥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። «አጥፍቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።»

«ሂጂ ልጄ፣ ሥራሽ ላይ ሂጂ» ብቻ አሉ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ምስር ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ስኳሩን እንኳ አላስቀመጡትም።

«አበበች፣ አርባ ስድስት ዓመት የደበቅሁሽ ነገር አለ። የእናቴ ወንድም…»

«መሸሻ ነዋ» አሉ ወይዘሮ አበበች፣ ከምስሩ ቀና ሳይሉ።

«ማን ነገረሽ?»

«እናትዎ ናቸዋ! የመጀመሪያውን ልጅ ታርሼ ሳለሁ ነገሩኝ። አልቅሰው ነገሩኝ፤ ወንድማቸውን አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት በስሙ ጠርተው ሳያለቅሱለት ቀሩ፣ ምስኪን። እኔማ ምን ላድርግ? ጥዬዎት ልሂድ? አምስት ልጅ ወለድኩልዎ። አንዱም አልታመመም።» አሁን ቀና አሉ፤ ዐይናቸው እንባ ሞልቷል። «ሲዘሉት በሰማሁ ቁጥር እኔም ዝም አልኩ። እሱ ነው የሚጸጽተኝ። አሁን ደግሞ በዚያው ደዌ ስም ምክንያት ልጄን ሊነሡኝ ነው።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ለመሸሻ በዚያ ቤተ ሰብ ስሙ ተጠርቶ በግልጽ የተለቀሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ዘነበወርቅ ከአቶ ወንድይፍራው ደጅ ቆሙ። አባት ለልጁ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መሄዱ በደንቡ የለም፤ አቶ ሀብተሥላሴ ግን «ይህን ቆጠራ ሌላ ሰው አይቆጥርልኝም» ብለው ከፊት ሆኑ። ከኋላቸው ከዕድራቸው የመጡ አቶ ነገሬና ሾፌሩ ባጫ ነበሩ። አቶ ወንድይፍራው ለበሽተኞች ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ የሚሠሩ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። እንግዶቹን ሲያዩ እጃቸውን ቶሎ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ዘመነች ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ትሰማለች።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «ዝምድና እንዳይኖረን ደግሞ ልቁጠር።»

በአባታቸው በኩል ቆጠሩ፤ ሰባት ቤት ደረሱ። በእናታቸው በኩል ጀመሩ። ከተለመደው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አቶ ነገሬ ተዘነጋቸው ብለው ሊያስታውሷቸው ከንፈራቸውን ሲያላውሱ፣ አዛውንቱ እጃቸውን አንሥተው ከለከሏቸው።

«መሸሻ» አሉ ጮክ ብለው። «የእናቴ ወንድም ነው። ሥጋ ደዌ ይዞት ነበር። አባረርነው፤ የት እንደ ሞተ እንኳ አላውቅም። ስሙን ዕድሜዬን ሁሉ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ አልዘለውም። አቶ ወንድይፍራው፣ እርስዎን በመናቄ መሸሻን ሁለተኛ እያባረርኩ ነበርና ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ሀብተሥላሴ እጃቸውን ዘረጉ። የአቶ ወንድይፍራው እጅ ከጋቢው ውስጥ እስኪወጣ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሁለት ጣት ብቻ ሙሉ ነበር። አዛውንቱ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት።

«ልጄን አታሳፍሩብኝ እንጂ» አሉ አቶ ወንድይፍራው፣ «እኔስ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ዳኛቸው በጥር ወር አገባ፤ የተዳረውም ከአባቱ ቤት ነው። ይህ ለአንድ ቤት የሆነ ደስታ ነው። የነገሩ ትልቁ ጥቅም ግን ከሠርጉ በፊት፣ በኅዳር፣ ማንም ባልጠበቀው በኩል መጣ። ከዚያ እሑድ ወዲህ አቶ ሀብተሥላሴ ዘር ሲቆጥሩ የሚያዩት ዝምድናን ብቻ ሆነ። ስለ ደዌ የሚጠይቃቸውን «ታክሟል ወይ ብለህ ጠይቅ እንጂ ከማን ወረሰው አትበል» ይሉታል። የሬዲዮውን ዜና አንሥቶ የሚከራከር ሲያጋጥማቸውም፣ የሰማውን ከማመኑ በፊት ሰልፉ ላይ ያረመቻቸውን የአሰፋን ልጅ እንዲጠይቅ ይመክሩታል። እርግጥ ነው፣ ወንፊቱ ዛሬም ያስፈራቸዋል፤ መፍራታቸውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሩቁ ወንፊት በፊት የእጃቸውን አስቀምጠዋል።

በኅዳር አንድ ማለዳ ባጫ መጣ። ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ ካየ በኋላ የቀኝ እጁን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ። ከክርኑ በታች ገርጣ ያለ ቦታ አለ።

«ዓመት አለፈው አባባ። ሞተሩ ላይ ተቃጠልኩ፤ አላመመኝም። ያኔ ነው ደዌው መሆኑን ያወቅሁት። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ያን ዕለት እርስዎ የአጎትዎን ስም ሲጠሩ ከኋላዎ ቆሜ የራሴን ስም የጠሩ መስሎኝ ነበር።»

አቶ ሀብተሥላሴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካክተው አዩ። ሁሉም ደህና ነበሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይኸኛው ግን በጊዜ ገልጦታል።

«ተነሥ፣ ጥሩብርሃን ዘንድ አብረን እንሂድ» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

ባጫ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። «አባባ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ነገ ልጆቼን የሚጠይቅ ሲመጣ፣ እርስዎ ሲቆጥሩ… እኔን ይዘሉኛል?»

አዛውንቱ ክንዱን ያዙት፤ የገረጣው ቦታ ላይ ነበር የያዙት።

«አልዘልህም፣ ልጄ። ከነበሽታህ፣ ከነመዳንህ እቆጥርሃለሁ።»